ዶቅዶቄ ይዞ ሽማግሌ መላክ

ደህና ደሞዝ ያለው ወጣት ገንዘቡን አዲስ ተሽከርካሪ ላይ ያፍስስ ወይስ አያፍስስ? ጥያቄውን የማነሣው መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። መልሱ ሲሪንቃ ላይ፣ አንዲት እናት ደጅ፣ ጎረቤት በሙሉ ቆሞ እየሰማ ተነግሮኛል። እንዲያው አስተማሪ ሆኜ፣ ውርደቴንም ቢሆን በጥያቄ ካልከፈትኩት ትምህርት የሚሆን አይመስለኝም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ መርሳ ተመደብኩ። የማስተምረው ፊዚክስ ነበር። በከተማዋ ከኔ የበለጠ ደሞዝ የሚበላ ጎረምሳ አልነበረም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ሌሎቹ ጎረምሶች ወይ ያርሳሉ፣ ወይ ሱቅ ይጠብቃሉ፣ ወይ ዘምተዋል። ለመብለጥ ብዙ መድከም አላስፈለገኝም።

የምኖረው አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ሰሌን አለኝ፤ ሰሌኑ ላይ ፍራሽ አለ፤ በቁመታቸው የተደረደሩ መጻሕፍት አሉ፤ በምስማር የተሰቀለች አንዲት ሳፋም አለች። ሥርዓት ያለው ሰው ነኝ፤ የሌለኝ እቃ እንኳ የሚቀመጥበት ቦታ ተለይቶ ይታወቃል። እዚህ ጋ አልጋ ይሆናል፣ እዚያ ጋ ቁም ሣጥን ይሆናል እያልኩ ባዶውን ቦታ በየቀኑ እጠርገው ነበር።

ታዲያ አስካለን ወደድኩ። አስካለ የመርሳ ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበረች። ተማሪዎቼን ልትከትብ መጥታ፣ ልጆቹ እንዳይፈሩ ብዬ ክንዴን ቀድሜ ብሰጣት፣ በመርፌው ሳይሆን በሣቋ ራሴን ስቼ ልወድቅ ነበር። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ተግባባን። የቀሩት እናቷ ብቻ ናቸው።

"እናቴን ካሳመንክ እኔ ችግር የለብኝም" አለችኝ። "ግን ተጠንቀቅ። ሲሳይ ከዘመተ ወዲህ ሆዷ ባብቷል፤ በትንሽ ትልቁ ነው የምትደነግጠው።"

ሲሳይ ወንድሟ ነው፤ ለእናቱ አንድ ወንድ ልጅ። ወደ ሰሜን ዘምቶ ደብዳቤው ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። እናቲቱ ወይዘሮ ተዋበች ባል የሞተባቸው ሆነው ሲሪንቃ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ዳገቱ በምትወጣ መንደር ውስጥ ይኖራሉ።

እንዴት ላሳምናቸው? መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስለ ጉዳዩ ጋሽ በላይን አማከርኳቸው። ጋሽ በላይ የታሪክ አስተማሪ ናቸው፤ የስድስት ልጆች አባት፣ የሚናገሩትን በብርጭቆ ጠርዝ እያዩ የሚናገሩ ሰው።

"አልጋ ግዛ" አሉኝ። "ላም ግዛ። ጎጆም ብትሆን ቀልስ።"

"እኔ ያሰብኩት ዶቅዶቄ ነው።"

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "ሞተር ሳይክል?"

"አዲስ። ከነላስቲኩ።"

"ስማ፣ እናት ልጅዋ ምን ላይ እንደምትተኛ ነው የምትጠይቅ።"

"ጋሽ በላይ፣ ዘመኑ ተለውጧል እኮ!"

"ዘመኑ ተለወጠ እንጂ ወገብ መች ተለወጠ? አሁንም ሰው ተኝቶ ነው የሚያድር።"

"እምቢ ካልክም ያገለገለ ግዛ" ብለው ቢመክሩኝ፣ ስለ ያገለገለ ተሽከርካሪ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስረዳኋቸው። ያገለገለ የገዛ ሰው የሌላውን ሰው ጥፋት ነው የሚገዛው፤ አዲስ የገዛ ግን ጥፋቱ ሁሉ የገዛ ራሱ ነው አልኳቸው። ይህን አረፍተ ነገር ያን ጊዜ በጣም ወድጄው ነበር።

ዶቅዶቄዋ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና መጣች። ቀይ ናት። ቀይ ስል እንደ በርበሬ አይደለም፤ የበሰለ ቃሪያ አጠገቧ ቢቆም ያፍራል። እንዳትጫር በብርድ ልብሴ ተጠቅልላ ነው የተጓዘችው፤ ብርድ ልብሱ አንድ ብቻ ስለነበር መርሳ ደርሳም አልመለሰችልኝም። ክፍሌ ውስጥ አስገባኋት። አልጋው ይቀመጥበታል ያልኩት ቦታ ልክ የተለካላት ይመስል ገጠመላት።

በማግስቱ ሰፈሩ ተሰብስቦ ተመረቀች። የመረቋት አባባ ሙሄ ናቸው። አባባ ሙሄ የቅሬያችን ዳኛ ነበሩ። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ በኛ በኩል እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ ሬሳውን የሚያነሣበት፣ ለቅሶውን የሚቀመጥበት ማኅበር ነው። አባባ ሙሄ ጉልበታቸው የታመመ፣ ምላሳቸው ግን ደህና የሆነ ሽማግሌ ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው፣ "ያ ረቢ፣ ከክፉ ሰውራት! ለሰው የምትጠቅም አድርጋት!" አሉ። እኛም አሚን አልን። እኔ በጣም ጮክ ብዬ አልኩ።

መከራው የጀመረው ከአሚን በኋላ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር መጣና ዶቅዶቄዋን እየዞረ አያት። ኮርቻዋን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፤ ሰው ሊገዛው ያሰበውን በሬ እንደሚነካው።

"ጓድ መምህር፣ ይቺ ለአብዮቱ ሥራ ትመቻለች" አለ።

ለአብዮቱ ሥራ የተመቸ ነገር ወደ ባለቤቱ ሲመለስ አላየሁም። እናም ሳላስብ፣ "ለቅሬው ሰጥቻታለሁ!" አልኩ።

"ለቅሬው?"

"አዎ፣ ሰው ሲሞት ለጥሪ። አባባ ሙሄ ይመስክሩ!"

አባባ ሙሄ ለጊዜው ተገርመው አዩኝ፤ ከዚያ ጉልበታቸውን አሻሹና፣ "ወላሂ፣ ሰጥቷል" አሉ። ሊቀመንበሩም የቅሬው አባል ነው፤ እሱም አንድ ቀን ይሞታል። እጁን ከኮርቻው ላይ አነሣ።

ተንኮሌ ሠራልኝ ብዬ ተደሰትኩ። ዶቅዶቄዋ ከቀበሌ ተረፈች። ከቅሬ ግን አልተረፈችም።

መርሳ ላይ ሰው ሲሞት ዘመዱ ግራና አለ፣ ውርጌሳ አለ፣ ሊብሶ አለ። ድሮ ጠሪው በእግሩ እየሮጠ ነበር የሚያደርስ። አሁን ጎሕ ሳይቀድ በሬ ይንኳኳል፤ "መምህር፣ ተነስ!" እባላለሁ። መርዶ ደግሞ ጎረምሳ አይነግርም፤ ስለዚህ አባባ ሙሄ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ከኋላዬ ይቀመጣሉ። ሟች ዘመድ ካለው ቤት ደጅ ስንደርስ እሳቸው ይወርዳሉ፤ እኔ ሞተሩን አጥፍቼ አንገቴን ደፍቼ እቆማለሁ። ከዚያ ከውስጥ ጩኸቱ ይነሣል።

የመጀመሪያ ጊዜ ልቤ ተነካ። እየቆየ ግን፣ ማፈሬ ባይቀርም እናገረዋለሁ፣ ፍጥነቴን ማድነቅ ጀመርኩ። "ዛሬ ውርጌሳን በአንድ ትንፋሽ ገባናት አይደል፣ አባባ?" እላቸዋለሁ። እሳቸውም፣ "ሟቹ እንኳ እንዲህ አልቸኮለም" ይሉኛል።

ወራት አልፈው ሳላስተውለው አንድ ነገር ሆነ። አገሩ ሁሉ የዶቅዶቄዋን ድምፅ ለየው። አንድ ቅዳሜ ወደ ግራና ብርቱካን ልገዛ ብወርድ፣ ከማሽላው ውስጥ አንዲት ሴት ብቅ አለችና ነጠላዋን ማዘቅዘቅ ጀመረች። ጎረቤቷ፣ "ቆይ እንጂ፣ ወደማን እንደሚሄድ እንይ!" ትላታለች። ሊብሶ ላይ አንድ ሰውዬ መንገድ ላይ አስቆመኝና፣ "ወደኛ ነህ?" አለኝ። አይደለሁም ስለው፣ "እንግዲያው ምን ትንቀረፈፋለህ? እለፍ!" ብሎ ኮርቻዋን ገፋልኝ። ወልድያ ቤንዚን ላስቀዳ ሄጄ እንኳ፣ የመርሳ ተወላጅ የሆነ አንድ ባለሱቅ በመስኮት አየኝና ሱቁን ዘግቶ በጓሮ ወጣ። ኋላ እንደተነገረኝ፣ መርዶውን እስካልሰማሁ ማንም አልሞተብኝም ብሎ አክስቱ ዘንድ ሦስት ቀን ተደበቀ።

ከመንገድ ዳር ሰላምታ የሚሰጠኝ ጠፋ። ተማሪዎቼ እንኳ ስገባ ሲነሡ ፊታቸው ላይ "የማን ነው?" የሚል ነገር አለ። እኔ ግን ይህን ሁሉ ክብር መስሎኝ፣ ዶቅዶቄዋን በጋዝ በተነከረ ጨርቅ እወለውል ነበር።

በመጨረሻ ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹ ጋሽ በላይ፣ ቄስ ገብሬና አባባ ሙሄ ናቸው። ሁለቱ ከዋዜማው በጭነት መኪና ሄደው ሲሪንቃ ዘመድ ቤት አደሩ። አባባ ሙሄ ግን ጉልበታቸው የጭነት መኪና መሰላል አይችልም።

"አንተ አድርሰኝ" አሉኝ። "መንገዱ ላይ አውርደኝና ሳትታይ ተመለስ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይታይም፣ ነውር ነው።"

"እሺ" አልኩ። አፌ እሺ አለ። ሆዴ ግን እናቲቱ ዶቅዶቄዋን ሳያዩ ምን ዋጋ አለው ይል ነበር። ይሄን ሁሉ ደሞዝ ያፈሰስኩት እሳቸው እንዲያዩ አይደል? ስለዚህ ሲሪንቃ ስንደርስ መንገዱ ላይ አላቆምኩም። አባባ ሙሄ ጀርባዬን እየደበደቡ፣ "አቁም! አቁም እንጂ አንተ ልጅ!" ሲሉኝ፣ ለጉልበታቸው ያዘንኩ መስዬ ዳገቱን ይዤ ወጣሁ። ደጁ ድረስ ደረስኩ። ቀና ስል ጋሽ በላይና ቄስ ገብሬ፣ ሁለቱም ጋቢ ለብሰው፣ ከአጥሩ ሥር ቆመው ይጠብቃሉ።

አሁን እባካችሁ በወይዘሮ ተዋበች ዓይን እዩት። ገና እየነጋ ነው። ልጃቸው ዘምቷል። ያቺ ድምፅ ዳገቱን ስትወጣ ሰምተዋል። በሩን ከፍተው ሲያዩ ቀይዋ ዶቅዶቄ ደጃቸው ቆማለች፤ የቅሬው ዳኛ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይወርዳሉ፤ አንድ ቄስ መስቀል ይዘዋል፤ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ እኔም ከልማዴ የተነሣ ሞተሩን አጥፍቼ አንገቴን ደፍቻለሁ።

ሴትዮዋ አንድ ቃል አልጠየቁም። "ሲሳይዬ!" ብለው ደረታቸውን መቱ።

"ኧረ ደህና ነው! ሲሳይ ደህና ነው!" አሉ ጋሽ በላይ።

ይሄ ነገሩን አባሰው። ሁላችሁም እንደምታውቁት መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ "ደህና ነው" ይላል። ሰው በአንድ ጊዜ እንዳይደነግጥ ነዋ። ወይዘሮ ተዋበች "ደህና ነው" ሲባሉ መሬት ላይ ወደቁ።

"ትንሽም አልታመመ!" አሉ ቄስ ገብሬ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው።

"ሳይታመም! በጥይት ነው እንጂ! ወይኔ ልጄን!"

ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ገቡ። ወንዶቹ ወንበር መሸከም፣ ግንድ መደርደር ጀመሩ። አንዱ ድንኳን ሊጠራ ሮጠ። አንድ ረጅም ሰው ወደኔ ቀረብ ብሎ ትከሻዬን ነካና፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ "መምህር፣ ውርጌሳ አጎቱ አለ። መቼም መጥተሃል፣ ሳትውል ብትነግርልን" አለኝ።

አባባ ሙሄ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። "ያ ጀማዓ! ስሙ! ወላሂ፣ ቢላሂ፣ ማንም አልሞተም! የመጣነው ለጋብቻ ነው! አስካለን ልንጠይቅ ነው!"

ለቅሶው ለአፍታ ጋብ አለ። ወይዘሮ ተዋበች እንባቸው እየወረደ ቀና አሉና እኔን አዩኝ።

"ይሄ ማነው?"

"ይሄማ... ሙሽራው ነው" አሉ ጋሽ በላይ።

"ከመቼ ወዲህ ነው ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር የሚመጣው?" ብለው ደግመው ጮኹ። "እኔን ለማጽናናት የማይሉት የለም! ልጄን ገድለው ሠርግ ይሉኛል!"

ጎረቤቱም እውነቷን ነው ብሎ አብሮ አለቀሰ። ይኸውላችሁ፣ እዚያ መገኘቴ ራሱ ምስክር ሆነብን። መንገዱ ላይ ተመልሼ ቢሆን ሽማግሌዎቹ ይታመኑ ነበር። ጋሽ በላይ በጆሮዬ፣ "አንድ ነገር በል! አንተ ያመጣኸው ነው፣ አንተ መልሰው!" አሉኝ።

ሴትዮዋ ፊት ተንበረከኩ። "እማማ፣ በእውነት ልጅዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።"

በእንባቸው ውስጥ ጠበቅ አድርገው አዩኝ። "አስካለን?"

"አዎ።"

"ቤት አለህ?"

"የኪራይ።"

"ላም?"

"የለኝም።"

"አልጋስ?"

ጋሽ በላይ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። እኔም፣ "ሰሌን አለኝ" አልኩ። "ፍራሽም አለበት።"

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ሣቋን በነጠላዋ አፈነች። ወይዘሮ ተዋበች ግን አልሣቁም፤ ቀስ እያሉ ተነሥተው ተቀመጡ። "አስተማሪ አይደለህ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ደሞዝህን ምን አደረግኸው?"

በጣቴ አሳየኋቸው። "እሷን ገዛሁ።"

"ይቺን?" አሉ። "ይቺን የሞት ፈረስ?"

"አዲስ ናት እኮ፣ እማማ!" አልኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ነገር ግን ማስረዳት ከጀመርኩ መቆም አልችልም። "ማንም ያልነዳት ናት። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ውሃ አትፈልግም። ማለትም ነፋሱ በእነዚህ በቀጫጭኖቹ ብረቶች መካከል ሲያልፍ ሙቀቱን..."

ወይዘሮ ተዋበች እጃቸውን አነሡ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ ጎረቤታቸው ዞረው፣ "ልጄ በሕይወት አለ" አሉ።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ይሄን አታይውም? መርዶ ሊነግር የመጣ ሰው እንዲህ ያለ ጅል አይሆንም። ይሄ እውነትም ሚስት ፈላጊ ነው!"

እልልታና ሣቅ አንድ ላይ ፈነዳ። ከወንዶቹ አንዱ የተሸከመውን ግንድ ጥሎ ተቀመጠበት። ሰው ሁሉ በሣቅ ይንፈራፈራል፤ አባባ ሙሄም በትራቸውን ተደግፈው ይስቃሉ። እኔ ብቻ አልሣቅኩም። ተንበርክኬ ስለነበር የወይዘሮ ተዋበች እጆች ፊት ለፊቴ ነበሩ፤ አፋቸው እየሣቀ እጃቸው ገና ነጠላቸውን ጨምድዶ እንደያዘ ነበር። ደረታቸውን የመቱበት ቦታ ቀልቷል። አዲስ ዶቅዶቄ ላሳያቸው ብዬ ልጃቸውን ገድዬባቸው ነበር፤ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ሞቶባቸዋል። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ፣ ዶቅዶቄዋን እንኳ ጥዬ እገባ ነበር።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ተነሣ" አሉኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ፤ አሁን የእናት ሳይሆን የአማች ድምፅ ነበራቸው። "እምቢ አላልኩም። ለመኸር ቀጥሬያችኋለሁ። ያን ጊዜ ልጄ የምትተኛበት አልጋ ይኑር፤ የምትታለብ ላምም ትኑር። እሱ ደግሞ ቤቱ ይቀመጥ፤ እናንተ በእግራችሁ ኑ።"

"አብሽሪ እታለም፣ በእግራችን እንመጣለን" አሉ አባባ ሙሄ ጉልበታቸውን እያሻሹ።

"አንድ ነገር ልጨምር" አሉ ወይዘሮ ተዋበች። "ያቺን ነገር ከደጄ አስነሥተህ እንዳትሄድ። ድምጿን ሁለተኛ አልሰማም። ግፋትና ውሰዳት።"

እሺ አልኩ። አሁን አፌም ሆዴም እሺ አሉ።

መንገዱ ቁልቁለት ነውና መግፋቱ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን አባባ ሙሄ መራመድ ስላቃታቸው ኮርቻው ላይ አስቀመጥናቸው። ለለቅሶ የመጣው ጎረቤት ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም ብሎ ሊሸኘን ወጣ። ወንዶቹ ከግራና ከቀኝ ዶቅዶቄዋን ያዙ፤ ቄስ ገብሬ መስቀላቸውን ይዘው ቀደሙ፤ ሴቶቹ ከኋላ ተከተሉ። አንዳንዶቹ ነጠላቸውን ገና አላስተካከሉም። እኔም መሪውን ይዤ አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ። ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም፤ ሲያፍኑት የሚፈነዳ ሣቅ እንዳለ ብቻ ይሰማኛል።

ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ ወደ ወልድያ የሚሄድ አውቶቡስ ደረሰ። ሹፌሩ ያን ሁሉ ነጭ ለባሽ ሕዝብ አይቶ ዳር ይዞ ቆመ፤ ኮፍያውንም አወለቀ። ተሳፋሪዎቹ በየመስኮቱ ከንፈር መጠጡ።

"ማነው የሞተባችሁ?" አለ ሹፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አባባ ሙሄ ከኮርቻው ላይ ሆነው፣ ጋቢያቸውን በክብር እየሰበሰቡ፣ "ዶቅዶቄዋ ናት" አሉት።

ሹፌሩ ቀይዋን ዶቅዶቄ ከፊት እስከ ኋላ አያት። የሚያብረቀርቀውን ብረት አየ፤ ገና ያልቆሸሸውን ጎማ አየ። ከዚያ እኔን አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

"እኔን!" አለ። "በልጅነቷ!"